ለኢንተርኔት አቅራቢ የሰርቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስትመርጡ

መጀመሪያ ፍጥነቱን ሳይሆን ድጋፉ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ሴንትኦኤስ 8 የተባለው የሊኑክስ ሲስተም ድጋፉ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቆያል ተብሎ ነበር፤ በ2021 መጨረሻ ተቋረጠ። እሱን አምነው ሰርቨር የተከሉ ሁሉ ሳያስቡት ቅየራ ውስጥ ገቡ። ቅየራ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። የደንበኞችን ስምና የይለፍ ቃል የሚያረጋግጠው ራዲየስ ሰርቨር ከቆመ አዲስ የሚገናኝ ደንበኛ የይለፍ ቃሉ ትክክል ቢሆንም አይገባም። ወዲያው ስልኩ መጮህ ይጀምራል።

እኔ ለዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አይፒ አድራሻ ለሚቀይረው አገልግሎት) እና ለራዲየስ ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ እመርጣለሁ። የተረጋጋ ነው፤ የረጅም ጊዜ ድጋፉ ተጨምሮ እያንዳንዱ ስሪት 5 ዓመት ያህል የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል። ኡቡንቱ ኤልቲኤስም (የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው የኡቡንቱ ሊኑክስ ስሪት) ያስኬዳል። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በኔትወርክ ሥራ የተመሰከረለት ነው፤ ኔትፍሊክስ ቪዲዮ የሚያሰራጭባቸው ሰርቨሮች የሚሠሩት በእሱ ነው። ግን ሌሊት ሰርቨር ሲወድቅ ከእንቅልፉ የሚነሳው ባለሙያ የማያውቀውን ሲስተም በፍጹም አትጫኑ። ለእኔ ይሄ ከሁሉም ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሁለቱን የዲኤንኤስ ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ አታሻሽሉ። አንዱን አሻሽሉ፣ የዲኤንኤስ ሰርቨርን ለመፈተን በሚያገለግለው በዲግ (dig) ትእዛዝ ጥቂት ስሞችን ጠይቁት፣ አንድ ቀን ጠብቁ፤ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።