በትንሽ ከተማ ለዊልቸር የሚሆን ኪራይ ቤት እንዴት ይገኛል?

በትናንሽ ከተሞቻችን ለዊልቸር ታስቦ የተሠራ ኪራይ ቤት የለም ማለት ይቻላል። የምትፈልጉት በትንሽ ወጪ የሚስተካከል ቤት ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለወንድሜ ቤት ስንፈልግ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዊልቸሩን ለኩ። ሰፊው ቦታ በእጅ የሚሽከረከረው ክብ ብረት ላይ ነው። ብዙ የአዋቂ ዊልቸር ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ይሆናል። ለእጅ በየጎኑ ጥቂት ጨምሩ። ለደላላ “ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን” ካላችሁት ደረጃ የሌለው ቤት ሁሉ ሲያሳያችሁ ይውላል። “የሽንት ቤቱ በር 80 ሳንቲ የሆነ” በሉት። ብዙውን በስልክ ትጨርሳላችሁ።

ኮንዶሚኒየም አብዛኛው ሊፍት የለውም፤ ምድሩም ብዙ ጊዜ ሱቅ ነው።

ግቢ ቤት ከሆነ የብረቱን በር እዩ። ትልቁ ተዘግቶ የሚገባው በትንሿ በር ነው። እሷ ደግሞ ከታች ከፍ ያለ ብረት አላት፤ ዊልቸር አይሻገራትም። ትልቁን በፈለጋችሁ ሰዓት መክፈት ይፈቀድ እንደሆነ እዛው ጠይቁ። ባጃጅ በክረምት እስከ በር ይገባ እንደሆነ ጎረቤት ይነግራችኋል። ኮብልስቶን ቢያንገጫግጭም ያስኬዳል፤ ጭቃ ግን ጎማ ይይዛል።

ብዙ ቤት የሚወድቀው ሽንት ቤት ላይ ነው። የሳሎኑ በር 90 ሳንቲ ሆኖ የሽንት ቤቱ 60 ይሆናል። ስትለኩ በሩን ክፈቱና ከተከፈተው በር እስከ ማዶው መቃን ያለውን ክፍተት ያዙ። ከመቃን እስከ መቃን የለካ ይሸወዳል፤ የበሩ ውፍረት ጥቂት ሳንቲ ይበላል።

በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ዊልቸሩ ገብቶ መዝጋት አይቻልም። ወደ ውጭ እንዲከፈት ማዞር ለአናጢ ወይም ለበያጅ ከባድ ሥራ አይደለም። በሩን ነቅሎ መጋረጃ መስቀል ብዙዎች የሚመክሩት አቋራጭ ነው። እኔ አልቀበለውም። ሰው ገላውን ሲታጠብ የሚዘጋ በር ይገባዋል።

ዊልቸር ሽንት ቤቱ ውስጥ ገብቶ እንዲዞር 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል ያስፈልጋል። ይህን በኪራይ ቤት ማግኘት ብርቅ ነው። ቢያንስ ከመቀመጫው ጎን መቆም፣ ወደኋላም መውጣት ይቻል። የዊልቸሩ ባለቤት ራሱ ገብቶ ይሞክረው፤ ሌላ ሰው አይወስንለትም። የጋራና ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ከሆነ ኪራዩ ቢረክስም እለፉት።

ደረጃ ካለ ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ያስፈልጋል፤ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ለ1 ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት። 15 ሳንቲ ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ራምፕ ይፈልጋል። 45 ሳንቲ ከሆነ 5 ሜትር ከ40፤ ያን የሚችል ግቢ ጥቂት ነው። ከሲሚንቶ ይልቅ ተነሺ የብረት ራምፕ እመርጣለሁ፤ ቤት ስትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ላሜራው ሸካራ ይሁን፤ ለስላሳው ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል።

ከዚያ ውል። አንድ አከራይ “አስተካክሉ፣ ችግር የለም” ብለውን ነበር። ራምፑ ከተሠራ በኋላ “ግቢዬን አበላሻችሁ” አሉ። ስለዚህ የራምፑ፣ የበሩና ስትወጡ የሚመለሰው ነገር ሁሉ በጽሑፍ ይስፈር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በክልል የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ስለሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ።