ለአራት ሌሊት ብቻ ቤት መከራየት
የኮንትራት ሥራዬ ሌላ አገር ነው። ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ዓርብ ማታ ቤቴ እገባለሁ። መጀመሪያ ሆቴል ያዝኩ፤ ክፍያዬን ሙልጭ አድርጎ በላው። አፓርታማ ብከራይ ደግሞ ለማላድርባቸው 3 ሌሊቶችም መክፈል ሊኖርብኝ ነው።

መፍትሔው የሥራ ቀናት ተከራይ መሆን ሆነ። ቅዳሜና እሁድ ክፍሉን ለራሳቸው የሚፈልጉ አከራዮች አሉ፤ ልጆቻቸው የሚመጡባቸው፣ ወይም ጸጥታ የናፈቃቸው። ማስታወቂያ ላይ ግን ብዙም አይታዩም። ስለዚህ «ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ክፍል እፈልጋለሁ» ብዬ ራሴ ለጠፍኩ። ለሥራ ባልደረቦቼም ነገርኩ። የተገኘውም በእነሱ በኩል ነው።

ውሉ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ አስጻፍኩ፦ ኮንትራቴ ከተቋረጠ ከ2 ሳምንት በፊት አሳውቄ እወጣለሁ። ለማልመጣበት ሳምንት ደግሞ ግማሽ ኪራይ። ልብሴን እዚያው እተዋለሁ፤ ሻንጣ መጎተት ቀረ። አንሶላውን ግን የማጥበው እኔው ነኝ።