የአርጁና ቅርፊት በወተት፦ አልሆን ሲል ምን ሆኖ ነው?

ለልብ ሕክምና ሕንድ አገር፣ ቼናይና ባንጋሎር የሚመጡ ብዙ ወገኖቻችን የአርጁና ቅርፊት ሳይሸምቱ አይመለሱም። አከራያቸው ወይም የግቢው ጥበቃ «ለልብ ነው» ይላቸዋል፤ ይገዛሉ። ማታ ላይ የኔ ስልክ ይጮኻል። «አፈላነው፣ ግን አልሆነም። ምን እናድርግ?» ያው ጥያቄ እየተመላለሰ ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ድስት ማጠብና እሳት መቀነስ አላስተምርም። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። አርጁና ሕንድ ውስጥ በወንዝ ዳር የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው። አዩርቬዳ የሚባለው የሕንዶች ባህላዊ ሕክምና ቅርፊቱን ለልብ ሲጠቀምበት ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዘመናዊ መንገድ የተደረጉት ጥናቶች ግን ትንንሽ ናቸው። የጠበበ የልብ ቫልቭ (የደም በር) በቅርፊት አይከፈትም። የሐኪም መድኃኒቱን አቁሞ ይህን የሚጠጣ ካለ፣ የሚያስፈልገው የአፈላል ምክር ሳይሆን ሐኪሙ ነው።

ይጎመዝዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል

ከሚደወልልኝ አብዛኛው ይሄ ነው። ምክንያቱም ሁሌ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ውሃው አልሄደም።

ቅርፊቱ ታኒን የሚባል ነገር ሞልቶበታል። አፍ የሚጎመዝዘውም፣ ሆድ የሚያደርቀውም እሱ ነው። ወተቱ ለጣዕም የገባ አይደለም። ቀስ ተብሎ አብሮ ሲፈላ የወተቱ ፕሮቲን ታኒኑን ይይዘዋል፣ ያለዝበዋል። የድሮዎቹ ሐኪሞች መለኪያ አንድ እጅ ቅርፊት፣ ስምንት እጅ ወተት፣ ሠላሳ ሁለት እጅ ውሃ ነው። ውሃው በሙሉ ተኖ ወተቱ ብቻ እስኪቀር ይፈላል። ለአንድ ጊዜ 5 ግራም ቅርፊት፣ 40 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 160 ሚሊ ሊትር ውሃ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ግማሽ የቡና ስኒ ያህል ነው።

ግማሽ ስኒ! እዚህ ላይ ሰው አያምንም። አንዲት እናት ለባለቤታቸው ሊሰጡ ስኒውን ዘንበል አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ይቺ ጠብታ ለዚህ ሁሉ በሽታ?» አሉኝ። በማግስቱ ስሄድ በትልቅ ድስት አንድ ሊትር ወተት ጥደው፣ ቅርፊቱን በእፍኝ ጨምረው ጠበቁኝ። ጋሼ ሆዳቸው ታስሮ ተኝተዋል።

ሌላው ጣጣ ፕሬዠር ኩከር ነው። የሕንድ ኪራይ ቤት ማእድ ቤት ውስጥ ምንም ቢጠፋ እሱ አይጠፋም። አስታማሚውም ቶሎ እንዲበስልለት እሱኑ ይጥዳል። እንዴ! ክዳኑ የተቆለፈ ድስት ውስጥ ውሃው በየት በኩል ይሂድ? ወተቱ ግን በፉጨቱ ቀዳዳ ይወጣል። ጣራው ድረስ ቡናማ ወተት የተረጨበት ቤት ገብቼ አይቻለሁ፤ አከራይዋ በሩ ላይ ቆመው በታሚልኛ ሲያወርዱት የነበረውን ባልሰማው ይሻለኝ ነበር። በኤሌክትሪክ የውሃ ማፍያ ያፈላም አለ። ወተቱ ታች ላይ አረረ፣ ማፍያው ተቃጠለ፣ ዋጋው ከቤት ኪራይ መያዣው ገንዘብ ተቆረጠ።

መፍትሄው ይኸውላችሁ። ትንሽና ጠባብ ድስት ፈልጉ፤ ሰፊ ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር ወተት ታቹን ከማርጠብ አያልፍም። መጀመሪያ ወተቱንና ቅርፊቱን ብቻ ጨምሩ። ንጹሕ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ታች ንከሩና የረጠበበት ቦታ ላይ በቢላ ጫር አድርጉ። ከዚያ ውሃውን ጨምሩ። ሳትከድኑ በዝግታ አፍሉ፣ አማስሉ። ፈሳሹ ወደ ጫራችሁት ምልክት ሲወርድ ውሃው ሄዷል ማለት ነው። አረፋውም ይለወጣል፤ መጀመሪያ ትልልቅና ቶሎ የሚፈርስ ነው፣ ሲደርስ ደቃቅና ወፍራም ይሆናል። መልኩ ወደ ሮዝ የሚያደላ ፈዛዛ ቡናማ ነው። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ከዚያም በላይ። ጊዜ የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ዱቄቱንስ? እኔ አልወደውም። አይጠልልም፣ ታች ላይ ያርራል፣ ደለሉም አብሮ ይጠጣል። ቅርፊቱን በሙቀጫ ከካ ከካ አድርጉት፣ እንደ ባቄላ ክክ ይሁን። ካልጠፋ ነገር ዱቄት አትግዙ።

ጥቁር ሆነ፣ ቀለም ቀለም አለ

የብረት ድስት ነው። ታኒንና ብረት ሲገናኙ ይጠቁራሉ፤ የድሮ የጽሕፈት ቀለም የሚሠራውም በዚሁ ዘዴ ነበር። ድፉት። በሸክላ ወይም በማይዝግ ድስት እንደገና አፍሉ። ጀበና ውስጥ ግን እንዳትሞክሩት።

ይኸው ነገር ሆድ ውስጥም ይደርሳል። ለደም ማነስ የብረት ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ታኒኑ ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቁት።

ወተቱ ተቆራረጠ

ወተቱ ሊበላሽ የደረሰ ነበር፣ ወይም ቅርፊቱን የሚንተከተክ ወተት ላይ ጣላችሁት። ሁሉንም ቀዝቃዛ ሳለ ቀላቅላችሁ ጣዱ።

ምንም አይጎመዝዝም፣ ሽታውም ሌላ ነው

ሌላ ቅርፊት ሸጠውላችኋል። የአርጁና ቅርፊት ውጪው ለስለስ ያለ ግራጫ፣ ውስጡ ቀላ ያለ ነው። ዘመዱ የሆነ ሌላ ዛፍ አለ፤ ቅርፊቱ ጠቆር ያለና እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ይታያል። ሰሜን ሕንድ ላይ «አርጁን ቻል»፣ ቼናይ ላይ «ማሩዳም ፓታይ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሳይፈጭ፣ በዓይናችሁ እያያችሁ ግዙ። በዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅ ይሆናል። ሻጋታ ከሸተተ ጣሉት።

በኪኒን መልክ ስለሚሸጠው አርጁና ደግሞ ስሙኝ። «አርጁና ከባስማ ጋር» የሚል ብልቃጥ ካያችሁ እለፉት። ባስማ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ተቃጥሎ የደቀቀ ብረታ ብረት ወይም ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ አንድ ጥናት ቦስተን አካባቢ ካሉ የደቡብ እስያ ሱቆች 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ተገዝተው ተመረመሩ። በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኘ። ማሸጊያው ቢያምር፣ ቅጠል ቢሣልበት፣ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ቢል እርሳስ እርሳስ ነው።

ማዞር፣ ሲነሱ ዓይን መጨለም

የደም ግፊት ኪኒን ላይ ተደርቦ ነው። አቁሙ፣ ግፊቱን ተለኩ፣ ለሐኪሙ ንገሩ። ኪኒኑን ቀንሳችሁ ቅርፊቱን እንዳትቀጥሉ! የስኳር መድኃኒት የሚወስድም ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል ይጠንቀቅ። የሰውነት ማሳከክ ከመጣ ያው ማቆም ነው።

ድድ መድማት፣ ነስር፣ ያለ ምክንያት መበለዝ

እዚህ ላይ መፍትሄ አልሰጥም፤ ሆስፒታል ሂዱ። ከኛ ሰዎች ብዙዎቹ በልጅነት ሪህ ልባቸው ተጎድቶ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያስገቡ ናቸው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ይወስዳሉ፤ መጠኑም በደም ምርመራ እየተለካ ነው የሚስተካከለው። ዋርፋሪን ላይ ያለ ሰው ይህን ቅርፊት አይንካ። አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል የሚባለውን፣ ያው ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይቅርባት። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ያቁም፣ መጠጣቱንም ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገር። «ቅጠላ ቅጠል ስለሆነ አልነገርኳቸውም» የሚል ሰው ያናድደኛል። ዋርፋሪንን በሰበብ አስባቡ የሚያዛባው እኮ ጎመንም ነው።

የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር ማበጥ ከመጣ ድስቱን ተዉትና ሂዱ።

«ጾም ገባ፣ ወተቱስ?»

ይህን ሕንዶቹን ብትጠይቋቸው ግራ ይገባቸዋል። የኛ ሰው በውሃ ብቻ ያፈላዋል። ከዚያ በባዶ ሆድ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ይጠጣዋል። ታኒኑን የሚያለዝብ ወተት የለ፣ ሆድ ውስጥ እህል የለ፤ ጨጓራው ይነዳል። በአኩሪ አተር ወተት የሞከሩ ነበሩ፤ ድስቱ ውስጥ ተቆራርጦ ቀረ። የኔ መልስ አጭር ነው፦ ጾሙ እስኪፈታ አቁሙት። የተረፈውን ቅርፊት በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ላስቲክ ውስጥ ከሆነ ይሻግታል።