«ፑት ኦን»፦ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

የእንግሊዝኛው «ፑት ኦን» (put on) ትልቁ ችግር የሚመጣው «ለበሰ» ከሚለው ግሳችን ነው። አማርኛ ልብሱን ማጥለቁንም ለብሶ መዋሉንም በዚሁ አንድ ግስ ይገልጻል፤ እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ልብሱን ከማንሳት ቁልፉን እስከ መቆለፍ ያለው ድርጊት «ፑት ኦን» ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለብሶ መዋል «ዌር» ይባላል። ሰርግ ላይ የቆመችን ሴት እያሳዩ «ሺ ኢዝ ፑቲንግ ኦን ኤ ሬድ ድሬስ» ማለት ሴትዮዋ ገና ቀሚሱን እያጠለቀች ነው እንደ ማለት ነው። ትክክሉ «ሺ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ሬድ ድሬስ» ነው። ሲያጠራጥርዎ ሐሳቡን በአማርኛ ይሞክሩት፦ «እየለበሰች ነው» ካሉ «ፑቲንግ ኦን»፣ «ለብሳለች» ካሉ «ዌሪንግ»።

ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማና መነጽር እናደርጋለን፣ ሰዓት እናስራለን፣ ሽቶ እንቀባለን። ለእነዚህ ሁሉ «ፑት ኦን» ይበቃል። «ሰዓት አሰርኩ» ለማለት «ታይ» የሚለውን ግስ መጠቀም ስህተት ነው።

ቀጥሎ የቃላት ቅደም ተከተል አለ። «ፑት ኦን ዩር ኮት» እና «ፑት ዩር ኮት ኦን» ሁለቱም ያስኬዳሉ። ስሙ በተውላጠ ስም ሲተካ ግን ምርጫ የለም፤ ተውላጠ ስሙ መሃል ይገባል፦ «ፑት ኢት ኦን»። «ፑት ኦን ኢት» አይባልም። ሱሪ፣ መነጽርና ጫማ በእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር ስለሆኑ ደግሞ «ፑት ዘም ኦን» ይባላል። እኛ «ሱሪውን ልበሰው» ስለምንል እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ያለፈው ጊዜም «ፑት» ነው፤ «ፑትድ» የሚባል ቃል የለም።

«ቴሌቪዥኑን ክፈተው» የሚለውን ቃል በቃል ወስዶ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ማለት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህ ክዳኑን መፍታት ይመስለዋል። «ፑት ኦን ዘ ቲቪ» ወይም «ተርን ኦን» ይበሉ። እንግሊዞች ሻይ ለማፍላት ውሃ ሲጥዱም «ፑት ዘ ኬትል ኦን» ይላሉ፤ የእኛን «ጣደ» የሚተካ ጥሩ አገላለጽ ነው።

ክብደት ሲጨምሩ «አይ ፑት ኦን ፋይቭ ኪሎስ» ይባላል፣ 5 ኪሎ ጨመርኩ ለማለት። «ፑት ኦን ማይ ዌይት» አይባልም፤ «ማይ» ይውጣ።

ተቃራኒው «ፑት ኦፍ» የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እሱ በዋናነት ቀጠሮን ወይም ሥራን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው። «ፑት ኦፍ ዩር ጃኬት» የተባለ ሰው ግራ ይገባዋል። ልብስ ለማውለቅ «ቴክ ኦፍ»፣ ቴሌቪዥን ለማጥፋት «ተርን ኦፍ»፣ ክብደት ለመቀነስ «ሉዝ» ይጠቀሙ።

አሜሪካ ውስጥ «አር ዩ ፑቲንግ ሚ ኦን?» ቢባሉ ደግሞ ነገሩ ከልብስ ጋር አይገናኝም፤ «እየቀለድክብኝ ነው?» ማለት ነው።