አንዱን ጆንስ ከሌላው ጆንስ መለየት፦ የብሪታንያ ቅድመ አያትን በመዝገብ ስለ መፈለግ

ስሚዝ፣ ጆንስ ወይም ዴቪስ የሚባል ብሪታንያዊ ቅድመ አያት የሚፈልግ ሰው ስሙን ብቻ ይዞ ከተነሣ ብዙ ሳይርቅ መንገዱ ይጠፋበታል። በአንድ የዌልስ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ በተቀራረበ ዕድሜ የኖሩ በርካታ ዊልያም ጆንሶች በመዝገብ ላይ ይገኛሉና። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ስም ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ ይኸውም የሚስቲቱ ስም፣ የልጆቹ ተራ፣ የአባወራው ሥራና የተወለዱበት አጥቢያ አንድ ላይ ሆነው ነው።

የዌልስ ስሞች የተመሳሰሉበትን ምክንያት የእኛ አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል። ዌልሳውያንም እንደ እኛ ልጅን በአባቱ ስም ይጠሩ ነበር፤ «አፕ» ማለት «ልጅ» ሲሆን፣ አፕ ሪስ ፕራይስ፣ አፕ ሃወል ደግሞ ፓወል ሆኖ ቀርቷል። በአንዳንድ የገጠር አጥቢያዎች ልማዱ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለዘለቀ፣ የዊልያም ጆንስ አባት ጆን ዊልያምስ ተብሎ ቢገኝ ስሕተት ነው ብሎ መጣል አይገባም።

ፍለጋው በእርግጠኝነት ከሚታወቀው የቅርብ ዘመድ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። በእንግሊዝና በዌልስ መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን መመዝገብ የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በስኮትላንድ ግን በ1855 ነው። ይህን የሚመዘግበው የእንግሊዝና የዌልስ አጠቃላይ የመዝገብ ጽሕፈት ቤት (General Register Office) የኢንተርኔት ማውጫ ከ1837 ጀምሮ እናት ከጋብቻ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም ያሳያል። በእኔ እምነት ከዚህ የበለጠ ቁልፍ የለም፤ እናቲቱ ለምሳሌ ፕሮበርት ከነበረች «ጆንስ፣ እናት ፕሮበርት» ብሎ በአንድ የምዝገባ ወረዳ ውስጥ መፈለግ ወንድማማቾቹንና እኅትማማቾቹን በአንድነት ያወጣል። ሆኖም ማውጫው የተደራጀው ልደቱ በተመዘገበበት ሩብ ዓመት በመሆኑና ለማስመዝገብ 42 ቀን ይፈቀድ ስለነበር፣ በታኅሣሥ የተወለደ ልጅ በቀጣዩ ዓመት ሊገኝ ይችላል።

የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሁለቱንም ተጋቢዎች አባት ስምና ሥራ ይዟል። የምስክሮቹም ስም መጻፍ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም እኅት ናቸው።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን በየአሥር ዓመቱ በሕዝብ ቆጠራ መከተል ይቻላል። የ1841ዱ ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ ያሉትን ዕድሜ በአብዛኛው ወደ ታች በአምስት በአምስት ስላጠጋጋው፣ ዝምድናንም ስላልጻፈ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከ1851 ጀምሮ ግን ዝምድናና የትውልድ አጥቢያ ተጽፏል። የ1911ዱ ባልና ሚስት ስንት ዓመት በጋብቻ እንደኖሩ፣ ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱ እንደሞተባቸው ይናገራል። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ስለጠፋ መፈለጉ ድካም ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ማጣራት ነው፤ ብዙ የተሳሳተ የዘር ሐረግም የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። በተገመተው ዓመትና ወረዳ የተወለዱትን ዊልያም ጆንሶች በሙሉ በሰንጠረዥ አስፍሮ እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው መከተል ያስፈልጋል። አንዱ በሁለት ዓመቱ ከሞተ፣ ሌላው በ1861 ከሌላ ሚስት ጋር ሌላ መንደር ከተቆጠረ፣ ሁለቱም ይሰረዛሉ። የሚመስለውን ሰው ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ ሌሎቹ ያልሆኑበት ምክንያትም መታወቅ አለበት።

ከ1837 በፊት ያለው ዋና ምንጭ ከ1538 ጀምሮ እንዲያዝ የታዘዘው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ብዙ ዌልሳውያን ግን ከመንግሥታዊው (ከአንግሊካን) ቤተ ክርስቲያን ውጪ በየራሳቸው ጉባኤ ያመልኩ ስለነበር ጥምቀታቸው እዚያ ላይገኝ ይችላል፤ የነዚህ ጉባኤያት መዝገቦች ብዙዎቹ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። በዌልስ ቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ከ1858 በፊት የጸደቁ ኑዛዜዎች ደግሞ በአበሪስትዊዝ ባለው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ኑዛዜ ሲነበብ ልጅ ያልወለደች አክስት እንዳትዘለል፤ ንብረቷን ለወንድሞቿና ለእኅቶቿ ልጆች ስታከፋፍል እያንዳንዱን በስሙ የምትጠራው እሷ ናት። የእርሻ ወይም የቤት ስም ከተጠቀሰም መመዝገብ አለበት፤ ዌልሳውያን ስመ ሞክሼ ጎረቤቶቻቸውን የሚለዩት በዚያ ነበርና፣ ያው ስም በመቃብር ድንጋይ ላይም ተቀርጾ ሊገኝ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሁለት ሰዎች ቢቀሩ፣ አንዱን በግምት ከመምረጥ ይልቅ ሁለቱንም ከነማስረጃቸው ጎን ለጎን ጽፎ፣ የወንድሞቻቸውንና የእኅቶቻቸውን የጋብቻ መዝገብ መመርመር ይሻላል።