ጁገል ውስጥ፣ ጌ ጋር እንዴት ይታደራል?

መጀመሪያ ያደርኩ ቀን ጫማዬን ሳላወልቅ ዘው ብዬ ገባሁና ከፍ ካለው መደብ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ አሚር ነደባ ነው። የአባወራው ቦታ! የቤቱ እመቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» የሚላቸው፣ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ጫማህም ደክሞታል፤ በር ላይ ይረፍ» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናንተ እንደኔ እንዳታፍሩ ነው ይህን የምጽፈው።

ጌ ጋር የሐረሪዎች ነባር የከተማ ቤት ነው። በግንብ በታጠረችው የድሮዋ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ አንዳንዶቹ፣ ቤተሰቡ እዚያው እየኖረ፣ እንግዳ ያሳድራሉ። ኮከብ የላቸውም፣ ሊፍትም የላቸውም። ግን በድሮ ባለጸጋ ቤት እንደ ቤተኛ ታድራላችሁ። ለእኔ ከዚህ ወዲያ ቅንጦት የለም። ቴሌቪዥንና ሰፊ ፓርኪንግ ካማራችሁ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ሆቴል ሞልቷል፤ ሳትሳቀቁ እዚያ ያዙ።

ቀኑን መምረጥ

ከተማዋ የምትጨናነቀው በሸዋል ኢድ ነው። ከረመዳን ቀጥሎ በሚመጣው በሸዋል ወር 8ኛው ቀን ላይ ይውላል፤ ዩኔስኮም በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያ ሰሞን ከሄዳችሁ አስቀድማችሁ ያዙ፤ «ደርሼ እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ሻንጣውን ይዞ ሲንከራተት አይቻለሁ። በረመዳን ደግሞ ቀን ላይ ጁገል ውስጥ የሚበላ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ማታው ግን ሌላ ዓለም ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ

በስልክ የምትጠይቁት ብዙ አይደለም፤ ግን አትዝለሉት። ሽንት ቤቱ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ግቢ? ውሃ አለ? ሐረር ከውሃ ጋር ያላት ነገር የታወቀ ነው። ባለቤቶቹ ታንከርና ጀሪካን ስላላቸው አትቸገሩም፤ ሻወር ስር ግማሽ ሰዓት መቆም ግን አይታሰብም። ቁርስ ከዋጋው ጋር ነው? ሒሳቡ በአልጋ ነው ወይስ በክፍል? ማታ ካመሻችሁ በሩን ማን ይከፍታል?

አሁን ብዙ ሰው አፍሮ የማይጠይቀው። ቤቱ የሙስሊም ቤት ነው፣ ሥጋውም የሙስሊም ነው። ክርስቲያን ከሆናችሁና ካልበላችሁ ወይም ጾም ከያዛችሁ፣ ቀድማችሁ ተናገሩ። ማንም አይቀየምም። ሐረር ይሄ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ ሽሮውም ምስሩም ይሠራላችኋል። የሚያስቀይመው የተሠራ ሥጋ ቀርቦ እጅን መሰብሰብ ነው። ቢራ ካማራችሁ ጠጥታችሁ ግቡ እንጂ ጠርሙስ ይዛችሁ አትግቡ።

መግባት

ድሬዳዋ ከደረሳችሁ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም፤ ሚኒባስ አይጠፋም። በደንገጎ ዳገት ስትወጡ የድሬ ሙቀት ይለቃችኋል። ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ፤ የሐረር ሌሊት ይበርዳል።

ጁገል 5 ነባር በሮች አሏት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ሐረር በር የሚባለው በኋላ የተከፈተ ነው፤ ከዚያ እስከ መሃል አደባባዩ፣ ፈረስ መጋላ፣ መኪና ይገባል። ከፈረስ መጋላ ወዲያ ግን በእግር ነው። እኔ ባለ ጎማ ሻንጣ ይዤ ነበር። ድንጋዩ ላይ ሲንቋቋ ሰፈሩ ሁሉ መምጣቴን ሰማ፤ ሕፃናት ተከተሉኝ፤ አንዱ ጎማም እዚያው ቀረ። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ይሻላል። ፈረስ መጋላ ስትደርሱ ደውሉ፤ ከቤቱ ልጆች አንዱ መጥቶ ይወስዳችኋል። ስልኩ ላይ ያለውን ካርታ አትመኑት፤ ጠባቧ መንገድ ውስጥ ገብቶ ግራ ይጋባል።

ቤቱን መተዋወቅ

ከውጭ ያያችሁት ነጭ ወይም አረንጓዴ ግንብና አንድ የእንጨት በር ነው። ውስጡ ግቢ አለ። ከግቢው ወደ ዋናው ቤት ስትገቡ፣ ጫማችሁን አውልቁ! ከዚያ ቆም በሉ። ወለሉ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተሠርቷል፤ ደረጃዎቹ ነደባ ይባላሉ፤ 5 ናቸው። ምንጣፍና ትራስ ተደርጎባቸዋል፣ ወንበር የለም። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው የገባውንና የወጣውን ሁሉ ያያል። ግድር ነደባ ትልቁ፣ ጢት ነደባ ትንሹ፣ ሱትሪ ነደባ ደግሞ የተከለለው ነው። ገብቲ ኤሐር የሚሉት ከበሩ ኋላ ነው፤ ዝቅ ያለው ቦታ። እናንተ የት እንደምትቀመጡ አትምረጡ። «የት ልቀመጥ?» በሉ፤ ያሳዩአችኋል። ይቺ አንዲት ጥያቄ ከምታመጡት ስኳርና ቡና በላይ ታስወድዳችኋለች።

ወለሉና የነደባው ፊት በቀይ አፈር የተቀባ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በ1879 ዓ.ም. የሐረሩ አሚር አብዱላሂ በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ ሲሸነፉ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ባለቤቶቹ ራሳቸው ካላነሡት እናንተ አታንሡት። ነገሩ ለአንዱ ታሪክ፣ ለሌላው ሐዘን ነው።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የስፌት ዓይነት አይጣል ነው። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተሰቅሎ ካያችሁ ደግሞ፣ በድሮ ልማድ እዚያ ቤት ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። እኔ ባደርኩበት ተሰቅሎ ነበር። ስጠይቅ ልጅቷ ራሷ ሳቀች፦ «እሱ ለቱሪስት ነው፤ እኔ ማስተርሴን ልጨርስ!»

ዋናው ክፍል ጎን ያለችው ትንሽዬ ክፍል ኪርታት ትባላለች። ሙሽሮች የመጀመሪያውን ሰሞን እዚያ ይቆዩ ነበር። አንዳንድ ቤት ለእንግዳ ይሰጧታል። ጠባብ ናት፤ ጣሪያዋ ዝቅ ይላል፤ ሌሊት ስትነሡ ራሳችሁን ጠብቁ።

ማታ

ከመሸ 1 ሰዓት ገደማ ሰው ጅብ የሚመግብበት ቦታ አለ፤ አንዱ ከፈላና በር ውጭ ነው። ከቤቱ ልጅ ጋር ሂዱ፤ የሚከፈለውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጅቡ ከተማ ውስጥም ይገባል። ግንቡ ላይ ወራባ ኑዱል የሚሉት የጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለ። ሌሊት ከበሩ ውጭ የእግር ኮቴና የአጥንት ድምፅ ብትሰሙ አትጩኹ። የሰፈር ሰው አይነቃበትም።

ጠዋት

ዩኔስኮ ጁገልን በ1998 ዓ.ም. ሲመዘግብ 82 መስጊድ ቆጥሯል። ስለዚህ ንጋት ላይ አዛኑ ከአንዱ ተነሥቶ በሌላው ይቀጥላል፤ ከፈረስ መጋላ መድኃኔዓለምም ቅዳሴው ሊሰማ ይችላል። እንቅልፍ ወዳድ ከሆናችሁ የጆሮ ጥጥ አትርሱ።

ለቁርስ ፈቲራ ከእንቁላልና ከማር ጋር ካገኛችሁ እጅ አትስጡ፤ ጨርሱት። ሆጃም ቅመሱ፤ ከቡና ቅጠል ወይም ገለፈት ከወተት ጋር የሚፈላ ነው። መጀመሪያ ሻይ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ቀጥሎ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ መኪና ግርግር፣ ውረዱ። ስሙን ያወጣው የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጨርቅ ገዝታችሁ ሰፊው ዘንድ አስቀምጡ፤ ለከሰዓት ሊያደርስላችሁ ይችላል።

ስትወጡ

ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት፣ በተለይ ሴቶቹን፣ አስፈቅዱ። ሒሳቡን ለባለቤቷ በእጅ ስጡ፤ ለሠራተኛዋ ለብቻዋ ሌላ ነገር ጨምሩላት፤ ውሃውን የተሸከመችው እሷ ናት። ከድሬዳዋ አውሮፕላን ካላችሁ ከበረራው 4 ሰዓት ቀደም ብላችሁ ከጁገል ውጡ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ፤ አወዳይ ላይ ደግሞ የጫት ገበያው መንገዱን ዘግቶ ቢጠብቃችሁ ሹፌሩን አትቆጡት፤ እሱም አንድ እስር ሊገዛ ወርዶ ይሆናል።