ውሃ የሚፈስበት ካርታ፦ የኢትዮጵያን ከፍታና ዝቅታ በካርቶን እንዴት መሥራት ይቻላል

አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ እያሳየ «ቲቸር፣ አባይ እንዴት ብሎ ወደ ላይ ይፈሳል?» አለኝ። ልጁ አልተሳሳተም። ካርታው ላይ ሱዳንና ግብፅ ከእኛ በላይ ተሰቅለዋል። የዚያን ቀን የሰጠሁት መልስ እኔንም አላረካኝም። ከዚያ ወዲህ ይህን ትምህርት የማስተምረው ተማሪዎቹ ራሳቸው በሚሠሩት የካርቶን ካርታ ነው።

የሚያስፈልገው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ፣ ካርቶን፣ ኮላ፣ መቀስ፣ ምላጭ፣ አሮጌ ጋዜጣና ዘይት ቀለም ነው። ካርቶኑን ከሰፈር ሱቅ በነፃ ታገኛላችሁ። ምላጩ አስተማሪው እጅ ይሁን። በቲቪ ማሸጊያው ነጭ ፎም የሚሠሩ አሉ። እኔ አልወደውም። ፍርፋሪው ክፍሉን ይሞላል፣ የስፕሬይ ቀለም ሲነካው ደግሞ ይሟሟል።

መጀመሪያ ከፍታን በቀለም የሚለይ ካርታ ከአትላስ ላይ ፈልጋችሁ፣ በካሬ እያሳደጋችሁ ኮምፔንሳቶው ላይ ሳሉ። 1 ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ይሁን። አገሪቱ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች 80 ሴንቲ ትወስዳለች። ዙሪያውን ባዶ ቦታ ተዉ፤ አባይ ድንበር ላይ አይቆምም።

ቀጥሎ ከፍታው ነው። እኔ ሁለቴ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቁመቱንም በዚያው ልኬት ልሥራ አልኩ። ራስ ዳሸን 4,533 ሜትር ነው። 1 ሴንቲ 20 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ያ ሁሉ ተራራ 2.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ለፍተን እንጀራ የመሰለ ነገር ወጣ። በሁለተኛው ዓመት «በቃ፣ እንደመሰላችሁ ከምሩት» አልኳቸው። የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ በእግራቸው የወጡት ተራራ እንጦጦ ነው። እንጦጦ ራስ ዳሸንን በልጦ ቁጭ አለ።

መፍትሔው ለቁመት ሌላ ልኬት መያዝ ነው፤ 1 ሴንቲ ለ1,000 ሜትር። ቁመቱ 20 እጥፍ ተጋነነ ማለት ነው። ይህን ለልጆቹ ንገሯቸው፣ ካርታው ጥግ ላይም ጻፉት። ካርቶኑን በማስመሪያ ለኩት። 5 ሚሊ ከሆነ አንዱ ንጣፍ 500 ሜትር ነው፤ ስስ ከሆነ ደርቡት። በየ500 ሜትሩ መቁረጥ ግን ያሰለቻል። እኔ የምቆርጠው ልጆቹ በሚያውቁት ስም ነው። ከ500 ሜትር በታች በረሃ ነው፤ ባዶውን ይቅር። ከ500 በላይ ቆላ፣ አንድ ካርቶን። ከ1,500 በላይ ወይና ደጋ፣ ሌላ ሁለት። ከ2,300 በላይ ደጋ፣ አሁንም ሁለት። ከ3,200 በላይ ውርጭ፣ አንድ። መቶ ሁለት መቶ ሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል ማንም አይከሳችሁም። የዳናክል ረባዳ ከባሕር ወለል በታች 125 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ለእሱ ኮምፔንሳቶውን አንድ ሚሊ ያህል በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጉት።

ንጣፉ የፎቅ ደረጃ እንዳይመስል በወረቀት ሊጥ ይለሰናል። ጋዜጣውን ቀዳዳችሁ ማታ ዘፍዝፉት፤ ጠዋት ጨምቃችሁ በኮላ እሹት። የተራሮቹን ጫፎችም በዚሁ ሊጥ አቁሙ፤ ራስ ዳሸን ከኮምፔንሳቶው 4.5 ሴንቲ ይድረስ። አንድ ጊዜ ኮላ ተወደደብኝና በዱቄት ሙጫ ሠራሁት። ዓርብ ክፍሉን ቆልፌ ሄድኩ። ሰኞ ስመለስ ትግራይንና ጎንደርን አይጥ ቆርጥሟቸዋል፤ የተረፈው ሻግቷል። ዱቄት ይቅርባችሁ። ሊጡንም በአንዴ አታወፍሩት፤ ስስ አድርጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደገና።

ሲደርቅ ዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡት። የካርቶኑ ጠርዝ ሳይቀባ ከቀረ ውሃ ይጠጣና ያብጣል።

አሁን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጣና ላይ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉ። ውሃው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ በምዕራብ በኩል መውጣት አለበት። ባለፈው ዓመት የእኛው ቀጥ ብሎ አፋር ገባ! የወሎን ተራሮች የያዘው ቡድን ሊጥ አልቆበት አሳንሷቸው ኖሯል። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ያገኙት። ተራራውን ጨመሩበት፣ አባይም ወደ ቦታው ተመለሰ። አዋሽንም ሞክሩ፤ አቤ ሐይቅ ላይ መቆም አለበት። አልፎ ከሄደ የሐይቁ ረባዳ ጠርዝ አንድ ቦታ ተከፍቷል።

ልጆቹን በአራቱም ጎን አቁሟቸው። በሱዳን በኩል የቆመው ልጅ ውሃው ቁልቁል ወደ እሱ ሲመጣ ያያል። ስትጨርሱ በጨርቅ አድርቃችሁ ቁም ሳጥን ላይ አስተኙት። ግድግዳ ላይ ግን አትስቀሉት።